ጆሮ የሰማውና ቴስተር ያነበበው፦ አምፕሊፋየር እንዴት ይመዘናል?

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር መዝናኛዎች በአንዱ፣ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አምፕሊፋየሮች ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ ከውጭ የመጣ፣ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚፈልግ፣ ፊቱ ወፍራም አልሙኒየም የሆነ ነው። ሌላው መዳፍ ላይ የሚያርፍ፣ የላፕቶፕ ቻርጀር በሚመስል አዳፕተር የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ስፒከሩም ዘፈኑም አንድ ነው፤ በክራር የተመታ ትዝታ። ትልቁ ሲጫወት የተቀመጡት ሁሉ «ይሄ ነው ድምፅ! ቤዙ ሙሉ ነው፣ የክራሩ ጅማት አንድ በአንድ ይሰማል» ይላሉ። ወደ ትንሹ ሲዞር «ቀጠነ፣ ነፍስ የለውም» ይባላል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ የቴስተሩን ጫፎች የስፒከሩ መግቢያ ላይ ያሳርፋል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የመፈተኛ ድምፅ ሲሰጥ፣ በትልቁ በኩል 3.10 ቮልት፣ በትንሹ በኩል 2.83 ቮልት ይነበባል። የትንሹን ቮልዩም ነካ አድርጎ 3.10 ላይ ካደረሰ በኋላ፣ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳይናገር ሲያቀያይር፣ ቅድም እርግጠኛ የነበሩት ሰዎች አንዱን ካንዱ መለየት ያቅታቸዋል።

በ3.10 እና በ2.83 መካከል ያለው ልዩነት 0.8 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት ለጆሮ «ጮኸ» ተብሎ አይሰማም። «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቀረበ» ተብሎ ነው የሚሰማው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን)፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ዝግ ሲል ለቤዝ ይደነዝዛል፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ቤዙ ከመካከለኛው ድምፅ ይበልጥ እየጎላ ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጫወተው አምፕ «ቤዙ የሞላ» ሆኖ ይሰማል። ሰዎቹ አልዋሹም፤ የሰሙትን በእርግጥ ሰምተዋል። የተሳሳቱት ቮልዩም ያመጣውን ነገር ለአምፑ ጥራት በመስጠታቸው ነው።

ዓይንም የራሱን ይጨምራል። የዕቃውን ክብደት ያየ፣ ዋጋውን የሰማ፣ የአምፖሉን ሰማያዊ ብርሃን ያስተዋለ ሰው ድምፁ ጆሮው ሳይደርስ በፊት ግማሹን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። ይህ የዕውቀት ማነስ አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሠራ ቴክኒሻንም፣ ጆሮው የተሳለ ሙዚቀኛም ከዚህ አያመልጥም፤ መስማት የሚጠናቀቀው አእምሮ ውስጥ ነውና። መፍትሔው አንድ ነው፦ ዕቃውን መሸፈን።

እንግዲህ ጆሮ እንዲህ ከሆነ መለኪያውን ብቻ አምነን አንገዛም? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው።

ጆሮ ቀድሞ የደረሰበት ጊዜ

በ1962 ጄ. ጎርደን ሆልት የተባለ አሜሪካዊ ስቴሪዮፋይል የተሰኘውን መጽሔት መሠረተ። በዘመኑ የነበሩ መጽሔቶች ቁጥር አትመው «ሁሉም ጥሩ ነው» ይሉ ነበር፤ እሱ ግን ዕቃውን አዳምጦ የሰማውን መጻፍ ጀመረ። በአንድ ነገር ልክ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ብዙ የትራንዚስተር አምፖች በወረቀት ላይ ንጹሕ ሆነው፣ ሲደመጡ ግን ይሻክሩ ነበር።

የሻከሩበት ምክንያት ዛሬም ባሕር ዳር ውስጥ በጥገና ጠረጴዛዎች ላይ ይገኛል። በአብዛኛው አምፕ ውስጥ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ አንድ ትራንዚስተር፣ የታችኛውን ግማሽ ሌላ ትራንዚስተር ይሸከማል። ሞገዱ ዜሮን ሲሻገር አንዱ ለሌላው ያስረክባል። ርክክቡ ላይ ክፍተት ካለ ሞገዱ እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ይሰበራል። ይህች ስብራት መጠኗ ብዙ አይለወጥም። አምፑ 50 ዋት ሲያወጣ በሞገዱ ትልቅነት ትዋጣለች፤ መቶኛዋ ከቁጥር አይገባም። አምፑ 0.1 ዋት ሲያወጣ ግን ያችው ስብራት ከትንሹ ሞገድ ጋር ስትነጻጸር ትልቅ ትሆናለች። የፋብሪካው ወረቀት የሚናገረው ስለ 50 ዋቱ ነው። ሰው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ግን 0.1 ዋቱን ነው።

ስለዚህ መለኪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነበር። በ1970 ማቲ ኦታላ የተባለ ፊንላንዳዊ መሐንዲስ ሌላ ቀዳዳ አሳየ፦ አምፑ ስህተቱን የሚያርምበት መንገድ ዝግተኛ ከሆነ፣ ድንገት የሚነሣ ድምፅ ሲመጣ እርማቱ ሳይደርስ አምፑ ይጨናነቃል። ቀስ ብሎ በሚወዛወዝ መፈተኛ ድምፅ ይህ አይታይም። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች በዝቅተኛም በከፍተኛም ኃይል፣ በፈጣን ምልክትም መለካት ለመዱ። ስቴሪዮፋይል ራሱ በ1989፣ ጆን አትኪንሰን አዘጋጅ በነበረበት ጊዜ፣ ከማዳመጥ ዘገባው ጎን መለኪያ ማተም ጀመረ። በጆሮ የቆመ መጽሔት ወደ ቁጥር መምጣቱ ለዚህ ክርክር ትልቅ ምስክር ነው።

ሌላው ምስክር 1985 ላይ የሆነው ነው። ቦብ ካርቨር የተባለ መሐንዲስ ለዚሁ መጽሔት አዘጋጆች «የመረጣችሁትን ውድ አምፕ አምጡ፤ የእኔን ርካሽ የትራንዚስተር አምፕ ድምፁን ያንኑ አደርገዋለሁ» አለ። የመረጡለት የቱቦ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ነበር። ካርቨር ያዳመጠው ለመዝናናት አይደለም፤ ሁለቱን አምፖች በአንድ ምልክት እያጫወተ፣ የአንዱን ውጤት ከሌላው እየቀነሰ፣ የቀረውን ልዩነት ዝቅ እያደረገ ሠራ። ቀሪው 70 ዴሲቤል ያህል ሲወርድ አዘጋጆቹ መለየት አቃታቸው። ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ፦ «የቱቦ ሙቀት» የሚባለው ነገር የሚለካ፣ የሚቀዳ፣ ወደ ሌላ ዕቃ የሚዛወር ነው።

ልዩነቱ በእርግጥ ሲኖር ከየት ይመጣል?

በብዛት ከሦስት ቦታ ነው፤ ትልቁ የአምፑ የውስጥ ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ፣ መውጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ) ነው። ስፒከር ላይ «8 ኦም» ተብሎ ቢጻፍም ቁጥሩ በየድምፁ ከፍታ ይለዋወጣል፤ አንድ ቦታ 4፣ ሌላ ቦታ 20 ኦም ሊሆን ይችላል። የውስጥ ኢምፒዳንሱ 2 ኦም የሆነ የቱቦ አምፕ ለእንዲህ ያለ ስፒከር ሲሰጥ፣ 4 ኦም ባለበት ቦታ 3.5 ዴሲቤል ይወርዳል፣ 20 ኦም ባለበት ቦታ 0.8 ብቻ። የ2.7 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ነው፤ ማንም ሰው ይሰማዋል። የትራንዚስተር አምፕ ኢምፒዳንሱ 0.1 ኦም ቢሆን ልዩነቱ 0.2 ዴሲቤል አይሞላም። አንዱ ስፒከሩን «ይቀባዋል»፣ ሌላው እንዳለ ይተወዋል። ቅቡን የሚወድ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ስፒከር ሲቀይር ቅቡም እንደሚቀየር ማወቅ አለበት።

ይህን ቁጥር ቤት ውስጥ ማውጣት ይቻላል። በትራንዚስተር አምፕ፣ ስፒከር ሳይገናኝ መፈተኛ ድምፅ ሰጥታችሁ መውጫውን ለኩ፤ 2.83 ቮልት ነው እንበል። ከዚያ ባለ 8 ኦም ወፍራም ሬዚስተር አገናኝታችሁ እንደገና ለኩ፤ 2.60 ቮልት ሆነ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ 1 ቀንሱ፣ በ8 አባዙ፤ 0.7 ኦም ታገኛላችሁ። በቱቦ አምፕ ላይ ይህን አታድርጉ። መውጫው ባዶ ሆኖ ምልክት ሲሰጠው ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።

ትንንሾቹ የክላስ ዲ (ትራንዚስተሮቹን በፍጥነት እያበራ እያጠፋ የሚሠራ የአምፕ ዓይነት) ሰሌዳዎች ሌላ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ መውጫቸው ላይ ባለው ጥቅልል ሽቦና ካፓሲተር የተነሣ፣ ከ10 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለው ቀጭን ድምፅ በስፒከሩ ኦም ይወሰናል። 8 ኦም ላይ ቀጥ ያለው 4 ኦም ላይ ዝቅ ይላል፤ ኦሙ ከፍ ባለ ስፒከር ላይ ደግሞ ይጎላል። በአንድ ሬዚስተር ብቻ የተለካ ወረቀት ይህን አያሳይም። በዚህ ጉዳይ «ስፒከሩ ሲቀየር የዚህ አምፕ ድምፅ ይሾላል» ያለ ወጣት ጆሮ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ምንጭ አቅም ማለቅ ነው። የተለመደ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 87 ዴሲቤል ያህል ይሰጣል። ይህ ደህና ጩኸት ነው፤ እንግዲህ አብዛኛው ማዳመጥ የሚሆነው በ1 ዋት አካባቢ ነው። ከበሮ ሲመታ ግን ለቅጽበት 10 ወይም 20 ዴሲቤል ከፍ ይላል፤ ይህ 10 ወይም 100 ዋት ይጠይቃል። 20 ዋት ብቻ ያለው አምፕ የከበሮውን ራስ ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሞገድ ይሻክራል፣ ትዊተርም (የቀጭን ድምፅ ስፒከሩን) ያቃጥላል። ሦስተኛው እምም ወይም ሽሽ የሚል ድምፅ ነው፤ ይህ ጆሮን ስፒከሩ ላይ አስጠግቶ በአንድ ደቂቃ የሚታወቅ ነገር ነው።

ስለ መዛባት መቶኛም (አምፑ ከራሱ የሚጨምረው ድምፅ ከዋናው አንጻር) አንድ ነገር እንበል፤ ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ይህ ቁጥር ነውና። 1 በመቶ ማለት ከዋናው ድምፅ 40 ዴሲቤል በታች ነው፤ 0.1 በመቶ 60፣ 0.01 በመቶ 80 ዴሲቤል በታች። በ80 ዴሲቤል ስታዳምጡ የ0.1 በመቶ መዛባት 20 ዴሲቤል ላይ ይወድቃል። ጸጥ ያለ የሚባል የከተማ ክፍል ራሱ 30 እስከ 40 ዴሲቤል ድምፅ አለው፤ ባጃጅ ሲያልፍማ አይነሣም። በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ በ0.001 እና በ0.01 በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት ሰማሁ ማለት አይቻልም። ምንጩንም አስቡ። የድሮ ዘፈን ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ፣ የካሴቱ ሽሽታ ከሙዚቃው 50 ወይም 60 ዴሲቤል ብቻ ነው የሚርቀው። ከዚህ በኋላ አምፑ 100 ይሁን 115 ዴሲቤል ንጹሕ ይሁን፣ የሚሰማው የካሴቱ ሽሽታ ነው።

የባሕር ዳር መብራት፣ አየርና እርጥበት

ውጭ አገር የተጻፈ ግምገማ ስታነቡ ዕቃው የተፈተነው የተረጋጋ መብራት ላይ መሆኑን አትርሱ። እኛ ጋ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ 220 የነበረው ወደ 180 ቮልት ሊወርድ ይችላል። ትልቅ ትራንስፎርመር ያለው አምፕ የውስጥ ቮልቴጁ አብሮ ይወርዳል። ኃይል በቮልት ካሬ ስለሚሄድ 100 ዋት የነበረው 67 ዋት ይሆናል፤ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። በአዳፕተር የሚሠራው ትንሽ አምፕ ግን አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ከሆነ ምንም አይሰማውም። ጠዋት የተደረገና ማታ የተደረገ ንጽጽር የተለያየ ውጤት ቢሰጥ አይግረማችሁ። ከፈተናው በፊት ሶኬቱን ለኩና ቁጥሩን ጻፉ።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በስድስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የአምፕን ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት) እንደዚያው አያቀዘቅዝም። ሲፈተን ጥሩ የነበረ አምፕ ሰርግ ቤት ሁለት ሰዓት ሠርቶ ራሱን የሚያጠፋው አንዳንዴ በዚህ ነው። ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ ዳንቴል አይልበስ።

እርጥበቱ ደግሞ የሬሌ ጥርስ ያዝጋል። ሬሌ ማለት አምፑ ሲበራ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ «ጠቅ» ብሎ ስፒከሩን የሚያገናኘው ክፍል ነው። ጥርሱ ሲዝግ በዝቅተኛ ድምፅ አንዱ ወገን ይታፈናል ወይም ይሻክራል፤ ቮልዩም ሲጨመር በድንገት ይከፈትና ንጹሕ ይሆናል። ባለቤቱ «ይህ አምፕ የሚያምረው ሲጮህ ነው» ይላል። ነገሩ የጣዕም ሳይሆን የአንድ ትንሽ ክፍል ብልሽት ነው። ሬሌውን በጣት ቀስ ብሎ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከተለወጠ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው (ክዳኑ ሲከፈት ውስጡ 220 ቮልት ስላለ ይህ የቴክኒሻን ሥራ ነው)።

ተመሳሳይ ምልክት የሚሰጥ ሌላ ጥፋት አለ፤ መታ ሲደረግ ግን አይለወጥም። አምፑ ተቃጥሎ የመውጫ ትራንዚስተሮቹ ተቀይረው፣ ባያሱ (ያለ ምልክትም በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈው ትንሽ ጅረት) ሳይስተካከል ከተመለሰ፣ ቅድም የተናገርነው የመሻገሪያ ስብራት ይመጣል። አምፑ 20 ደቂቃ ከሞቀ በኋላ፣ ያለ ምልክት፣ በመውጫ ትራንዚስተሩ ኤሚተር ሬዚስተር ጫፎች መካከል ያለውን ሚሊ ቮልት መለካት ነው። ሬዚስተሩ 0.22 ኦም ሆኖ የጥገና መጽሐፉ 25 ሚሊ አምፒር ካለ፣ ቴስተሩ 5.5 ሚሊ ቮልት ማሳየት አለበት። ዜሮ ካሳየ ማንም ጆሮ ሳይጨቃጨቅ ጉዳዩ ተፈታ።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ሐቀኛ ፈተና

ሁለት ሰው፣ ግማሽ ቀንና ጥቂት ዕቃ ይበቃል። አንድ ስፒከር ብቻ ተጠቀሙ፤ በስቴሪዮ ስትፈትኑ የግራና የቀኝ ልዩነት ነገሩን ያደናግራል። ምንጩ አንድ ላፕቶፕ ይሁን፤ ከእሱ የሚወጣው ኬብል ለሁለት ተከፍሎ ለሁለቱም አምፖች ይግባ። ቤዝ፣ ትሬብል ቁልፎቹ ሁሉ መሐል ላይ፣ «ላውድነስ» የሚለው ቁልፍ ካለ ደግሞ ይጥፋ። ይህ ቁልፍ ሳይታወቅ በርቶ ስንት አምፕ «ሙሉ ድምፅ ያለው» ተብሎ ተሸጧል።

ማቀያየሪያው ስድስት እግር ያለው፣ መሐሉ ላይ የሚጠፋ፣ ቢያንስ 10 አምፒር የሚችል ስዊች ነው። መሐለኞቹ ሁለት እግሮች ወደ ስፒከር፣ አንዱ ጥንድ ወደ አንዱ አምፕ፣ ሌላው ጥንድ ወደ ሌላው። ስዊቹ ፕላሱንም ማይነሱንም መቁረጥ አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ዕቃ ያቃጥላል፦ «ማይነስ ያው ማይነስ ነው» ብሎ የሁለቱን ማይነስ አንድ ላይ ያስራል። ትንንሾቹ የክላስ ዲ አምፖች ማይነሳቸው መሬት አይደለም፤ እሱም እንደ ፕላሱ ምልክት ይሸከማል። ከሌላ አምፕ ማይነስ ጋር ሲታሰር ሾርት ነው። የቱቦ አምፕ ካለ ደግሞ ስዊቹ ወደ ሌላው ሲዞር ባዶ እንዳይቀር፣ መውጫው ላይ ሁልጊዜ የሚቆይ ባለ 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ይደረግለት። ሁለቱን አምፖች ስታገናኙ እምም የሚል ድምፅ ከመጣ የመሬት ሽቦ ዙሪት ነው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ሶኬት አብሩ እንጂ የመሬቱን እግር አትቁረጡ።

ድምፅ ማመጣጠኑ ከሁሉም በላይ ነው። 300 ሄርዝ የመፈተኛ ድምፅ አጫውቱ። ርካሽ ቴስተር ከ400 ሄርዝ በላይ በትክክል አያነብም፤ 50 ሄርዝ ደግሞ ከመብራቱ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል። ስፒከሩ እንደተገናኘ መግቢያው ላይ በኤሲ ለኩና ሁለቱን ከ0.1 ዴሲቤል ባልበለጠ ልዩነት አስተካክሉ። ይህ በቮልት 1 በመቶ ያህል ነው፤ አንዱ 2.00 ከሆነ ሌላው ከ1.98 እስከ 2.02 ውስጥ ይሁን። እዚህ ላይ ገበያ ውስጥ የበዛው ርካሹ ቢጫ ቴስተር አይሆንም። የኤሲ ደረጃው ከ200 ቮልት ስለሚጀምር የሚያሳየው 2.0 ወይም 2.1 ብቻ ነው፤ በመካከሉ ግማሽ ዴሲቤል የሚጠጋ ስህተት ይደበቃል። ባለ 20 ቮልት የኤሲ ደረጃ ያለው፣ እስከ 0.01 የሚያሳይ ያስፈልጋል። ከተስተካከለ በኋላ የቮልዩም ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ ማንም አይንካው።

አሁን ጋቢ ወይም መጋረጃ ዘርጉ። ቀያሪው ከጀርባው ይቁም፤ አዳማጩ እሱንም ዕቃዎቹንም አይይ። ቀያሪው በየዙሩ ሳንቲም ይጣል፤ ሳንቲሙ ያለውን ብቻ ያድርግ፣ አያውራ፣ አይሳል፣ «እሺ» እንኳ አይበል። መጀመሪያ «ይህ ሀ ነው»፣ «ይህ ለ ነው» ብሎ ያሰማል፤ ከዚያ በኋላ ያልታወቀውን ያጫውታል፤ አዳማጩ ሀ ወይም ለ ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ስዊቹ በየዙሩ መሐል ላይ ቆም ብሎ ይሂድ፤ አለበለዚያ ጆሮ የሚለየው የስዊቹን ጠቅታ ይሆናል። ቁራጩ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ይሁን። የድምፅ ጥቃቅን ነገር በአእምሮ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንድ ስለሆነ፣ ዛሬ የሰማነውን ካለፈው ሳምንት ጋር ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

16 ዙር አድርጉ፤ ቁጥሩን ከመጀመራችሁ በፊት ወስኑ። 12 እና ከዚያ በላይ በትክክል ከተመለሰ፣ በግምት ብቻ እንዲህ የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ4 ያንሳል፤ ልዩነት አለ ማለት ይቻላል። 9 ወይም 10 ከሆነ ሳንቲምም ያንን ያደርጋል። «አሁን ገባኝ፣ አምስት ልጨምር» ማለት የለም፤ እስኪሳካ ድረስ የሚጨመር ፈተና ሁልጊዜ ይሳካል። በስምንተኛው ዙር ላይ ዕረፉ፣ ቡና ጠጡ፤ የደከመ ጆሮ ሁሉንም አንድ ያደርጋል።

የሚደመጠው ነገር ምርጫ ይፈልጋል። ብዙ ሰው በገና ያስቀድማል፤ ድምፁ ከልብ ይገባልና ይገባናል። ለዚህ ሥራ ግን አይመችም። በገና አውታሩ ሥር በሚገባው እንዚራ የተነሣ ራሱ ነዛሪ ድምፅ አለው፤ በተፈጥሮው በተደራራቢ ድምፅ የተሞላ ስለሆነ የአምፑን መዛባት ይሸፍናል። ዋሽንት ተቃራኒው ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ የዋሽንት ድምፅ ንጹሕ ሞገድ ስለሚመስል አምፑ የጨመረበት ነገር ጎልቶ ይወጣል። ለመሻገሪያ ስብራት ደግሞ አንዴ ተመትቶ እንዲሞት የተተወ የክራር ጅማት ስሙ። ድምፁ እየከሰመ ሲሄድ፣ መጨረሻው ላይ፣ እንደ አሸዋ የሚንሻካሽክ ነገር ከቀረ ባያሱ ላይ ጥርጣሬ ይኑር። ለአቅም ከበሮ፣ እሱም ጮክ ተደርጎ።

ለመግዛት ስትቆሙ

ሱቅ ውስጥ ይህን ሁሉ ማድረግ አይቻልም፤ ጥቂት ነገር ግን ይቻላል። «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጀርባውን አዙሩና ፊውዙን አንብቡ። 220 ቮልት ላይ 2 አምፒር ፊውዝ ያለው ዕቃ ከሶኬቱ ያለማቋረጥ የሚወስደው 440 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ክፍሉ ሙቀት ይሆናል። አዳፕተሩ 12 ቮልት 2 አምፒር የሆነ አምፕ 24 ዋት ነው፤ ያለቀ ነገር ነው። «ፒኤምፒኦ» የሚለውን ቁጥር (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባለውን የተጋነነ ዋት) እርሱት። አሜሪካ ውስጥ የንግድ ኮሚሽኑ በ1974 ይህን የቁጥር ግነት ለመግታት ደንብ ያወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፦ ዋቱ በስንት ኦም፣ ከየትኛው እስከ የትኛው ሄርዝ፣ በስንት መዛባት እንደሆነ አብሮ ይጻፍ ነው ያለው። እናንተም ያንኑ ጠይቁ። «10 በመቶ መዛባት ላይ» ተብሎ የተጻፈ ዋት በ1 በመቶ ሲሆን ሩብ ያህሉ ይቀንሳል።

ቴስተር ካላችሁ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ የስፒከር መውጫውን በዲሲ ለኩ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች ደህና ነው። ከ100 በላይ ከሆነ ዕቃው የታመመ ነው፤ ስፒከራችሁን ከማገናኘታችሁ በፊት መልሱት።

ዕቃው ተሸፍኖ የተደረገው ፈተና ልዩነት አለ ካለና መለኪያው ምንም ካላሳየ፣ ሁለቱንም ከመጠርጠር በፊት ሽቦውን ጠርጥሩ። የሁለቱን አምፖች ገመድ ስዊቹ ላይ አለዋውጡ፤ ሀ የነበረው ለ ይሁን፤ ድምፁን እንደገና አመጣጥኑና 16ቱን ዙር ድገሙ። አዳማጩ የወደደው ድምፅ ከአምፑ ጋር ከተዛወረ አምፑ ነው፤ ወደ ውስጥ ኢምፒዳንሱ ስሌትና ወደ ባያሱ ተመለሱ። በስዊቹ ያው ወገን ላይ ከቀረ ግን የዛገ የስዊች እግር ወይም ያልተያዘ ብየዳ ነው፤ አሸዋ ወረቀትና ካውያ ይፈልጋል።